ጫጩቷን የገደላት ወለሉ ነው

የእንስሳት ሐኪሙ የሞተችውን ቄብ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አንጋሎ ሆዷን በመቀስ ከፈተው። አንጀቷን እየዘረጋ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እንደ ሁለት ጣት ጎን ለጎን የተንጠለጠሉትን ዕውር አንጀቶች አሳየኝ። አብጠዋል፣ ጠቁረዋል። አንዱን ሰንጠቅ ሲያደርገው ውስጡን የረጋ ደም ሞልቶታል። «ጋሼ፣ ይሄ ፈንግል አይደለም» አለኝ። «ኮክሲዲያ ነው። የገደላት ደግሞ ወለሉ ነው።»

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ በራሴ ጓሮ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል 20 የ45 ቀን ቄቦች ገዝቼ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አስገባኋቸው። ዝናቡ ጎን ለጎን እንዳይመታቸው ዙሪያውን በጆንያና በላስቲክ ሸፈንኩ። ለእነሱ ብዬ ያደረግኩት ነው። በዘጠነኛው ቀን አንዷ ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን አቁማ ጥግ ይዛ ቆመች። በነጋታው ሦስት ሆኑ። ኩሳቸው ላይ ደም አየሁ። መድኃኒት መሸጫ ሄጄ «ዶሮዎቼን በሽታ ገባባቸው» ስል ሻጩ ዕድሜያቸውንም ኩሳቸውንም ሳይጠይቅ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት አወረደልኝ። በጥብጬ ሰጠሁ። ከ20ዎቹ 11ዱ ሞቱ። ሐኪም ፍለጋ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶሮ የያዘ ጎረቤትና ዘመድ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። የምሰማው ታሪክ ከእኔው ጋር ይመሳሰላል። ቄቦቹ ተገዙ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበቱ፣ ከዚያ ማንቀላፋት ጀመሩ፣ ዱቄት ተሰጣቸው፣ አለቁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ወይ «ፈንግል ነው» ወይ «ሻጩ የታመመ ሰጠኝ» ወይ ደግሞ «ለዶሮ ዕድል የለኝም» ነው። ወለሉን የሚያነሳ ሰው ገና አላጋጠመኝም።

ኮክሲዲያ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በሳይንስ አይሜሪያ ይባላል። ዶሮን በማጥቃት የታወቁት ሰባት ዝርያዎቹ ሲሆኑ ዕውር አንጀትን የሚያደማው አይሜሪያ ቴኔላ የሚባለው ነው። ጫጩቷ ዘሩን ከወለል ለቅማ ስትውጠው በአንጀቷ ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይባዛል። ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል፣ ሌላ ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ደሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ የተዋጠ ዘር በሳምንት ጊዜ ውስጥ በአስር ሺዎች፣ አልፎም በመቶ ሺዎች ተባዝቶ ከኩስ ጋር ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ወለሉ የሚመጣው። ከጫጩቷ አሁን የወጣው ዘር ገና ጥሬ ነው፤ ሌላዋ ቄብ ወዲያው ብትለቅመው አይጎዳትም። የሚጎዳው ሲበስል ነው። ለመብሰል ደግሞ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር። ሦስቱን ካገኘ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። ደረቅ ቦታ ላይ ከወደቀ ግን ይሞታል። እኔ በጆንያና በላስቲክ ዙሪያውን ዘግቼ፣ የመጠጫው ውሃ እየፈሰሰ፣ የቄቦቹ ትንፋሽ መውጫ አጥቶ የሠራሁት ነገር ለዘሩ ማብሰያ ምድጃ ነበር።

ሐዋሳ ለዚህ ጥገኛ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ተቀምጣለች። ቀኑ ይሞቃል፤ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ በልጉንም ክረምቱንም ይዞ እስከ ጥቅምት ድረስ እየተመላለሰ ይቆያል። ከተማዋ እየሰፋች፣ ግቢዎቿ እየጠበቡ ሄደዋል። ዶሮ የሚረባው በሰርቪስ ቤት ጥግ፣ በአጥር ሥር፣ በደረጃ ሥር ነው። ጸሐይ የማይገባበት ቦታ ሁሉ «ለዶሮ ይሆናል» ይባላል፤ ጸሐይ ደግሞ ዘሩን የሚገድል በነፃ የተሰጠን መድኃኒት ነው።

ከከተማዋ ወጣ ሲባልም፣ በቱላም ሆነ በወንዶ ገነትና በሸበዲኖ መንገድ፣ ሌላ ዓይነት እርጥበት አለ። የሲዳማ ጓሮ እንሰት አለው። እንሰት ሥር የከብቱ እበትና የቤቱ ጥራጊ ይደፋል፤ አፈሩ እንዲለማ ነው። ቦታው ጥላ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ለስላሳ ነው። ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚጭሩት እዚያው ነው፤ ዝንቡ፣ ጥንዚዛውና የመሬት ትሉ የሚርመሰመሰው እዚያ ነውና። የዶሮዋም ኩስ ተጠርጎ የሚደፋው እዚያው ነው። እንሰቱን የሚያለማው ልማድ ጥሩ ልማድ ነው፤ አንድም ቃል አልነቅፈውም። ግን ከዶሮዋ የወጣው ጥገኛ ተመልሶ ወደ ዶሮዋ የሚገባበት አጭር መንገድም እሱው ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት እንደዚህ በልኩ የተሰፋበት ነገር አላየሁም።

ወደ 45ኛው ቀን ልመለስ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ስለሆነ። ዛሬ በአገራችን የተሻሻሉ ዝርያዎች ለአርቢው የሚደርሱት በአብዛኛው በሁለት እርከን ነው። አሳዳጊዎች የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተረክበው ያሞቃሉ፣ ያስከትባሉ፣ ይቀልባሉ፤ 45 ቀን ገደማ ሲሞላቸው ለየቤቱ ይሸጣሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብርድና በፈንግል ያልቁ የነበሩ ጫጩቶችን አትርፏል። ነገር ግን ኮክሲዲያ በብዛት የሚመታው ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው። 45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። ቄቧ ልክ በዚህ ዕድሜዋ በካርቶን ታጭቃ፣ ተጨናንቃ፣ መኖዋ ተቀይሮ ወደማታውቀው ወለል ትመጣለች። ወለሉ የቀድሞ ዶሮዎች ኩስ ያለበት ከሆነ ዘሩን በለቀመች ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ይወጣል። ገዢው ሻጩን ይረግማል። ሻጩ «ከእኔ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ዶሮ ኮክሲዲያን በጥቂት በጥቂቱ እየቀመሰች ካደገች ትለምደዋለች፤ ሰውነቷ መከላከያ ያበጃል። በውጭ አገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሰጠው የኮክሲዲያ ክትባትም ሕያው ጥገኛውን በልክ ማቅመስ ነው። አሳዳጊው ቤት መኖው ውስጥ መከላከያ መድኃኒት ያለማቋረጥ ሲሰጥ ከቆየ ግን ቄቧ ሳትለምደው ልታድግ ትችላለች። ስለዚህ ማንኛውም ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ «መኖአቸው ምን ነበረበት? መቼ ተቋረጠ?» ክትባቱን የሚጠይቅ ሰው እየበዛ መጥቷል፤ ይህንን የሚጠይቅ ግን የለም። ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለፈንግል፣ ለጉምቦሮ፣ ለዶሮ ታይፎይድና ለፈንጣጣ ክትባት ያመርታል። ከእነዚህ አንዱም ኮክሲዲያን አይከላከልም፣ አንዱም የሆድ ትልን አያስቀርም። «ተከትባለች» ማለት ከሁሉም ድናለች ማለት አይደለም።

ፈንግል የሚለው ቃል በዶሮ ሞት ሁሉ ላይ የምንለጥፈው ስም ሆኗል። ፈንግል ጎበዝ ገዳይ ነው፤ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ የጎረቤቱንም ይጠርጋል። ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ የተረፈችውን አንገቷን ይጠመዝዛል፣ ክንፍና እግሯን ሽባ ያደርጋል። ኮክሲዲያ ግን ትንንሾቹን ይመርጣል። እናቲቱ ደህና ሆና ጫጩቶቹ ብቻ ደም እያስቀመጡ ካንቀላፉ መጠርጠር ያለበት ወለሉ ነው። የሆድ ትል ደግሞ ሌላ ነው፤ አይቸኩልም። ዶሮዋ ትበላለች፣ አትወፍርም። ኩክኔዋ ይገረጣል፣ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ይሾላል፣ እንቁላሏ ይሳሳል። አርቢው ለወራት መኖ ያቀርባል፤ የሚበላው ትሉ ነው።

ትሉን ከሁሉም ቀድመው የሚያውቁት በዓል ሲደርስ ዶሮ የሚበልቱት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። አንጀቱ ሲቀደድ እንደ ቀጭን ስፓጌቲ ነጭ የሆነ፣ ከጣት የሚረዝም ትል ሲወጣ ስንቴ ተደንግጧል? አስካሪዲያ ጋሊ ይባላል፤ የሰው ወስፌ ዘመድ ነው። ከ5 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጠፍጣፋውና እንደ ሪባን የተከታተለው ደግሞ የዶሮ ኮሶ ነው። ይህን ያየ ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ልመልስ፦ የዶሮ ወስፌ፣ የዶሮ ኮሶና ኮክሲዲያ ወደ ሰው አይተላለፉም። አንጀቱን አውጥቶ ጥሎ፣ እንደ ደንባችን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ያጠበና በደንብ ያበሰለ ሰው ስለ ትሉ ሊሰጋ አይገባውም። ግን ያንን አንጀት እዚያው ጓሮ ለተረፉት ዶሮዎች አይጣሉላቸው። በትሏ ሆድ ውስጥ ያለው እንቁላል አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ በስሎ ለመዋጥ ይዘጋጃል፤ በእርጥብና ጥላ አፈር ውስጥም ወራት አልፎ ይቆያል። የኮክሲዲያን ጥፋት በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ባለው ወፍ፣ በአባ ኮዳ፣ ወይም በጣሪያው ርግብ ላይ የሚያላክክም አለ። የዶሮ ኮክሲዲያ ግን የዶሮ ብቻ ነው፤ የሚመጣው ከዶሮ፣ በሰው ጫማና በእቃ ነው።

የአገር ዶሮ ይህን ሁሉ ትችለዋለች የሚል እምነት አለ። ትችላለች፤ ግን በዋጋ ነው። በፈረንጆች 2001 የታተመ አንድ ጥናት በአማራ ክልል አራት የገጠር ወረዳዎች ጭረው ከሚበሉ ዶሮዎች 267ቱን መርምሮ 243ቱ፣ ማለትም 91 በመቶው፣ በሆዳቸው ትል እንዳለባቸው አሳይቷል። አንዳንዷ ዶሮ እስከ ዘጠኝ ዓይነት ትል ይዛ ተገኝታለች። ከደጋው ይልቅ ቆላው ብሶ ነበር። ያ ጥናት ሐዋሳ ላይ አልተሠራም፤ ነገር ግን የሐዋሳን ሙቀትና እርጥበት ያየ ሰው እኛ እንሻላለን ብሎ ሊጽናና አይችልም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች እያልን በዝርያዋ ስናማት ኖረናል። ከሆዷ ትል ጋር እየተካፈለች እንደምትኖር ግን ሒሳብ ውስጥ አስገብተን አናውቅም።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻም አይደለም። ኮክሲዲያ በዓለም ዙሪያ በዶሮ እርባታ ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ በፈረንጆች 2016 ዋጋ በዓመት ከ10 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሆነ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ዶሮን በጠባብ የሽቦ ኬጅ ማርባት በ2012 ሲከለክልና ዶሮዎቹ ወደ ወለልና ወደ መስክ ሲመለሱም፣ ተረስቶ የነበረው አስካሪዲያ አብሮ ተመልሷል። ዶሮ መሬት በነካች ቁጥር ጉዳዩ የመሬቱ አያያዝ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ኮክሲዲያንም ትልንም አይገድልም። እየገዛን የምንበጠብጠው ዱቄት በሽታውን ሳይነካ ባክቴሪያዎችን መድኃኒት ያስለምዳል፤ የተለማመዱት ባክቴሪያዎች ደግሞ ነገ የእኛንም የልጆቻችንንም መድኃኒት ያመክናሉ። ለኮክሲዲያ በሰፊው የሚታወቀው አምፕሮሊየም ነው። የታመመች ቄብ መብላት ብታቆምም መጠጣት ስለማታቆም በውሃ ይሰጣል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ጥገኛውን ቫይታሚን ቢ1 በማስራብ ነው፤ ስለዚህ «አቅም ይስጣት» ብሎ አብሮ የቫይታሚን ዱቄት መበጥበጥ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ይህን ስንቱ ሻጭ ይናገራል? ፓይፐራዚን ወስፌውን ያስወጣል፣ ኮሶውን አይነካም። ለበግ የተሠራ የአልቤንዳዞል ኪኒን ሰባብሮ ለዶሮ በግምት መስጠትም የተለመደ ነው። መጠኑን የሚወስነው ክብደት ነው፣ ከመድኃኒቱ በኋላም እንቁላሉ ለቀናት የማይበላበት ጊዜ አለ፤ በግምት የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሴ ትንሽ ቢያስወጣኝም ለሐዋሳ ባለ ጋሪዎች ስል ነው። ሞኔንሲንና ሳሊኖማይሲን የሚባሉ የኮክሲዲያ መከላከያዎች በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ይጨመራሉ። ለዶሮ የሚስማማው መጠን ፈረስንና አህያን ልብ መትቶ ይገድላል። የተረፈ የዶሮ መኖ ለጋሪ ፈረስ አይሰጥ፤ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ከሆነማ በጭራሽ።

መፍትሔው ያለው ጉዝጓዙ ላይ ነው። በሐዋሳ አናጢ ቤት ሁሉ ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ የጤፍ ጭድም አለ። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። ዋናው ነገር መንጠፉ አይደለም፣ ማድረቁ ነው። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በመንሽ ይገለበጣል። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበው በየቀኑ እየታፈሰ ይወጣና በደረቅ ይተካል። መጠጫው በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ካለ አትረግጠውም፣ አትኮስበትም፣ አትደፋውም። ግድግዳው ከወገብ በላይ ወንፊት ሽቦ ሆኖ ንፋስ ይግባ፤ ጆንያው የሚወርደው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 እንቁላል ጣይ ይበቃል። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ፈጽሞ አንድ ክፍል አይደሩ፤ ትልቋ ለምዳው የማያማት ዘር ለትንሿ ሞት ነው።

አዲስ ቄብ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ጉዝጓዝ እስከ ወለሉ ይጠረጋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ በረኪና ይረጫል። የኮክሲዲያ ዘር ግን በረኪናን አይፈራም፤ እንዲያውም ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ዘሩን ከሌላ ቆሻሻ ለማጽዳት የሚያጥቡት በእሱ ነው። የሚገድለው የፈላ ውሃ፣ እሳት፣ አሞኒያና ድርቀት ነው። ወለሉ በፈላ ውሃ ታጥቦ ጸሐይና ንፋስ ይምታው፤ ኖራ መነስነስም እርጥበቱን ለመምጠጥ ይረዳል። የወጣው ጉዝጓዝ እንሰቱ ሥር ከመደፋቱ በፊት ተከምሮና ተሸፍኖ ጥቂት ሳምንታት ይብላላ። ክምሩ ሲብላላ የሚፈጥረው ሙቀት አብዛኛውን ዘርና የትል እንቁላል ይጨርሰዋል፤ እንሰቱም የተሻለ ማዳበሪያ ያገኛል።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ሥራ ነው። ያልተሠራው የመንግሥት ሥራ ግን ከዚህ ያላነሰ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ሲጀመር እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ከዋና ዋናዎቹ መካከል ነበሩ። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሕፃናት እንቁላል እንዲበሉ የማይፈልግ ሰው የለም። ቅሬታዬ የምንቆጥረው ነገር ላይ ነው። በየሪፖርቱ የምሰማው «ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ» የሚል ነው። በአምስተኛው ወር ስንቷ ቆማ እንቁላል ጣለች? የሚለውን የሚያስቀድም ሪፖርት አላጋጠመኝም። አርብቶ ያሳደገ የሚያውቀው የቆመውን ቆጥሮ ነው፤ መሥሪያ ቤትም እንደ አርቢ ይቁጠር።

ሐዋሳ ሰበብ የላትም። በፈረንጆች 1976 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅ ያለው እዚሁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም አለው። የኩስ ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ትንሽ ኩስ ጨው በጠገበ ውሃ ይበጠበጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ዘሩና የትሉ እንቁላል ቀሎ ይንሳፈፋል፣ ከላይ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ይሠራዋል። በየክፍለ ከተማው አንድ ማይክሮስኮፕና በሳምንት የተወሰነ የምርመራ ቀን ቢኖር አርቢው ዱቄት ከመግዛቱ በፊት ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር። የመድኃኒት ሻጮችም ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቁ እንዳይሸጡ ቢገደዱ ክብር እንጂ ጉዳት የለባቸውም፦ ዕድሜዋ ስንት ነው? ኩሷ ምን ይመስላል? ጉዝጓዙ እርጥብ ነው?

ከተማ አስተዳደሩ የሚያሰራጨው እያንዳንዱ የቄብ ካርቶን ላይ ስለ ወለል አያያዝ በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ዶሮ ያላችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት ከመጠጫው አጠገብ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንሡና ጨምቁት። እጃችሁን ስትከፍቱት ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ተጋግሮ ከቀረ ግን በዚያው ቀን አውጡት።